ከጦርነት የመጣ ተማሪዬን መድረክ ላይ «የደረሰብህን ተናገር» እንበለው?

መምህርት ከሳቢያን

ሰላም ለሁላችሁ። ድሬዳዋ፣ ሳቢያን አካባቢ ነው የማስተምረው። ከክፍሌ ልጆች ስለ አንዱ ምክር ፈልጌ ነው።

ልጁ 12 ዓመቱ ነው። ከሰሜን ወሎ መጥቶ ጥር ላይ ተመዘገበ። ጦርነቱ በ2013 ክረምት እነሱ ጋ ሲደርስ ገና ሕፃን ነበር። እናቱን ያጣው ያኔ ነው። አባቱ ከዚያ ወዲህ የት እንዳለ አይታወቅም። አያቱ ጋ ሲያድግ ቆይቶ እሳቸውም ሲያርፉ አክስቱ ወደ ድሬ አመጣችው። ከእድሜው አንጻር ክፍሉ ዝቅ ያለ ነው፤ ጭንቅላቱ ግን ጥሩ ነው። ሒሳብ ላይ ማንም አይደርስበትም።

ድሬን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ ቀን ሲነድ የዋለ ቆርቆሮ ወደ ማታ ሲቀዘቅዝ ቋ ቋ ይላል። እኛ ለምደነዋል፣ አንሰማውም። እሱ ይሰማዋል። የከሰዓት ፈረቃ የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ላይ ጣሪያው ሲጀምር እርሳሱን ያስቀምጥና ዴስኩን በሁለት እጁ ጥርቅም አድርጎ ይይዛል። አይጮህም። አያለቅስም። ጥፍሮቹ እስኪገረጡ ይይዛል። ድምፁ ጋብ ሲል እርሳሱን አንስቶ ካቆመበት ይቀጥላል። አጠገቡ የሚቀመጠው ልጅ እንኳ አያስተውለውም።

አሁን ወደ ጥያቄዬ። ሰኔ 9 የአፍሪካ ሕፃናት ቀን ነው፣ ትምህርት ቤታችንም ያከብረዋል። ግጥም አለ፣ ድራማ አለ፣ የክብር እንግዶችም ይመጣሉ። ዘንድሮ ስለ ሰላም ይሁን ተባለና አዘጋጆቹ ይህን ልጅ መረጡት። አምስት ደቂቃ ያህል የደረሰበትን እንዲናገር ነው የፈለጉት። ከእንግዶቹ መካከል የእርዳታ ድርጅት ሰዎች አሉ፣ ካሜራም ይኖራል። አክስቱን ጠየቅናት፣ «ይናገር፣ ምናልባት የሚረዳው ይገኝ ይሆናል» አለች። አልፈርድባትም፤ ኑሮዋን አይቻለሁ። ልጁንም ጠየቁት። «እሺ» አለ።

እሱ ግን ለሁሉም ነገር እሺ ነው የሚለው።

እኔን ሆዴን በላኝ። እምቢ ብዬ ባስቀር እርዳታ አስቀረሁበት ማለት ነው? ዝም ብል ደግሞ? እንዲህ ዓይነት ልጆች ጋር የሠራችሁ ካላችሁ እስቲ ንገሩኝ።

(ተስተካክሏል፦ የክፍሉንና ልጁ የመጣበትን ከተማ ስም አጥፍቻለሁ።)

የታይዋን ሰፈር

መምህርት፣ ሐሳብሽ ይገባኛል፤ እኔ ግን ይናገር ባይ ነኝ። ሰው ያላየውን አይረዳም። በ1998 የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ሌሊት ሰው ሲወስድ እኔ እዚሁ ነበርኩ። የተጎጂዎቹ ምስል በቴሌቪዥን ባይታይ ኖሮ ያ ሁሉ እጅ ይዘረጋ ነበር? ደግሞ በልቡ ይዞት ከሚኖር ተናግሮት ቢወጣለት አይሻልም? አክስቱ ፈቅዳለች፣ እሱ እሺ ብሏል። ሌላ ምን ቀረ?

እናት ከከዚራ

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ከጥያቄሽ ላይ የክፍሉን ስምና ልጁ የመጣበትን ከተማ አጥፊ። ድሬ ትንሽ ናት፤ እንኳን ይህን ሁሉ ጽፈሽ፣ ግማሹም ይበቃል። አጥፊውና ተመለሺ።

እድሜዬን ያሳለፍኩት በሕፃናት መብት ሥራ ነው። በ2010 በኦሮሚያና በሶማሌ ክልል ወሰን በተነሳው ግጭት የተፈናቀሉት ወደ ድሬና ሐረር አጠገብ ወዳለው ሐማሬሳ መጠለያ ሲመጡ ከልጆቹ ጋር ነበርኩ። ከሰሜኑ ጦርነት በኋላም እንደ ተማሪሽ ዘመድ ፍለጋ የመጡ ልጆች አጋጥመውኛል። አቋሜን ልንገርሽ፦ መድረክ ላይ አይውጣ።

በዚህ ሥራ ውስጥ ያሉ ሰዎች ራሳቸው የሚሳሳቱት አንድ ነገር አለ። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብት ኮንቬንሽን አንቀጽ 12 ልጅ በሚመለከተው ጉዳይ ሐሳቡን የመግለጽና የመሰማት መብት አለው ይላል። ይህን አንቀጽ እየጠቀሱ ልጅ ማይክ የሚያስይዙ አይቻለሁ። አንቀጹ ግን የሚለው በሕይወቱ ላይ ስትወስኑ ጠይቁት፣ የሚለውንም ቁም ነገር አድርጋችሁ ያዙት ነው። ከማን ጋር ልኑር፣ የትኛው ክፍል ልግባ፣ የት ልቀመጥ። የእናቱን አሟሟት ለአዳራሽ ሙሉ ሰው ይተርክ የሚል የለበትም። እዚያው አንቀጽ 16 ላይ የልጁ የግል ሕይወት እንዳይደፈር ተጽፏል። አንቀጽ 39 ደግሞ በጦርነት የተጎዳ ልጅ እንዲያገግም መንግሥት እርምጃ ይውሰድ፣ የሚያገግምበትም ሁኔታ ጤናውንና ክብሩን የሚጠብቅ ይሁን ይላል። በእኛም ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናትን በሚመለከት ማንኛውም እርምጃ ሲወሰድ የልጁ ደኅንነት በቀደምትነት መታሰብ አለበት። አዘጋጆቹ ሲሟገቱሽ እነዚህን አንሺ። የእኔ ሐሳብ ነው ብለሽ አትቅረቢ፤ ሕጉ ነው በይ።

«እሺ» ስላለው ደግሞ። ታጣቂ በተመላለሰበት አገር ያደገ ልጅ ትልቅ ሰው ያለውን እሺ ማለት ነፍስ እንደሚያተርፍ ተምሯል። ስለዚህ በርዕሰ መምህሩና በአክስቱ ፊት ተጠይቆ የተናገረው እሺ ፈቃድ አይባልም። አንቺ ብቻውን ስታገኚው ጠይቂው። ፊት ለፊት አስቀምጠሽ ሳይሆን ደብተር እየሰበሰባችሁ ወይም ወደ በር እየሄዳችሁ። ማን ማን እንደሚመጣ ንገሪው። ስልክ የያዘ ሁሉ ሊቀርጽ እንደሚችል፣ ቪዲዮው ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ ከወጣ ማንም ሊያጠፋው እንደማይችል ንገሪው። ከዚያ «ትፈልጋለህ?» አትበይው፤ መልሱ ያው እሺ ነው። «ድራማው ውስጥ መግባት፣ ወንበር መደርደር፣ ከጓደኞችህ ጋር ቁጭ ብሎ ማየት፣ የቱ ይሻልሃል?» በይው። እንዲህ ሲጠየቅ መምረጥ ይችላል።

ወንድማችን ከታይዋን ሰፈር «ተናግሮት ቢወጣለት» ብለዋል። ብዙ ሰው እንደዚያ ያምናል። ልጅ ሲናገር የሚቀለው ግን ራሱ በመረጠው ጊዜ፣ ለሚያምነው ሰው ሲሆን ነው። አደጋ የደረሰበትን ሰው በአንድ ቁጭታ ሁሉንም እንዲዘረግፍ ማድረግን የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ አይመክርም። ልጅ ጥያቄ ሳይበዛበት ሥዕል ይሥላል፣ ይጫወታል፣ አንድ ቀን ሰበብ ፈልጎ አንድ ቃል ጣል ያደርጋል። ያን ቀን ሥራሽን አቁመሽ አዳምጪው። «ከዚያስ?» እያልሽ አትጎትቺው።

ታዲያ ምን ይረዳዋል? ስለ ቆርቆሮው የጻፍሽውን ደጋግሜ አነበብኩት። ከዚያ ጀምሪ። ክፍሉን በሙሉ ወደ ማታ ይዘሽ ውጪ። ጣሪያውን እዩ በያቸው። ብረት ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፣ ሚስማሩ ጋ ሲንሸራተት ይጮኻል በይ። የአካባቢ ሳይንስ ትምህርት ይሁን፤ እሱን ለይተሽ አታሳዪው። ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ማወቁ ፍርሃቱን ባንዴ አያጠፋውም። ግን በሚቀጥለው ቀን ቋ ሲል የሚያስበው ሌላ ነገር ይኖረዋል። ያንን የመጨረሻ ክፍለ ጊዜም ጸጥ ብለው የሚጽፉበት አታድርጊው። ጮክ ብለው የሚያነቡበት ወይም የሚዘምሩበት ይሁን።

በሩ የሚታየው ቦታ ላይ ይቀመጥ። ከኋላው መጥተሽ ትከሻውን አትንኪ። «ስለ ቤተሰቤ» የሚል ድርሰት ለክፍሉ አትስጪ፣ «ስለ ሰፈሬ»ም ቢሆን ለጊዜው ይቅር። የሒሳብ ጎበዝ ነው ብለሻል፤ ለሚደክሙት እንዲያስረዳ አድርጊው። እጅ የሚቀበል ልጅ ብቻ ሆኖ አይቅር፤ የሚሰጠውም ነገር ይኑረው። ዱላ ደግሞ በዚያ ክፍል በር እንዳያልፍ፣ በእሱም በሌላውም ልጅ ላይ። ያው አንቀጽ 36 ነው የሚከለክለው።

ቴሬሳ ቤታንኮርት የተባለች ተመራማሪ ሴራሊዮን ውስጥ በጦርነቱ ታጣቂ የነበሩ ልጆችን እስኪጎለምሱ ድረስ ተከታትላለች። የልጆቹን ማገገም ከወሰኑት ነገሮች ዋነኛው ከተመለሱ በኋላ የጠበቃቸው ነገር ሆኖ አገኘችው፦ ቤተሰብ ተቀበላቸው ወይ፣ ጎረቤት አገለላቸው ወይ፣ ትምህርት ቤት ገቡ ወይ። በሥራዬ ያየሁትም ይኸው ነው። ስለዚህ አንቺ የያዝሽውን ትንሽ ነገር አድርገሽ አትይው።

እንቅልፍ ለሳምንታት ከራቀው፣ መብላት ካቆመ፣ ከሰው ሁሉ ከሸሸ፣ ወይም «ባልኖር ይሻላል» ዓይነት ቃል ከአፉ ከወጣ ግን አትጠብቂ። ከአክስቱ ጋር ድል ጮራ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ይሂዱ። «ሰው ምን ይላል» ብላ እንዳትፈራ አብረሻት ሂጂ።

ስለ ሰኔ 9 አንድ ነገር ልጨምር፣ የምንጊዜም ብስጭቴ ነው። ቀኑ የሚከበረው በ1968 ዓ.ም. ሶዌቶ ውስጥ ተማሪዎች በማያውቁት ቋንቋ አንማርም ብለው አደባባይ ስለወጡና ስለተገደሉ ነው። ልጆች የጠየቁበት ቀን ነው። እኛ ግን ልጆች የሚያስለቅሱን ቀን አደረግነው። ክፍልሽ በሙሉ ተሰብስቦ «ከጦርነት ሸሽቶ ለመጣ ልጅ ድሬዳዋ ምን ታድርግ?» ብሎ ይወያይና የተስማማበትን በአንድ ወረቀት ይጻፍ። ለእንግዶቹ እሱ ይነበብ። የማን ታሪክ እንደሆነ የማይታወቅ፣ መልስ ግን የሚያስፈልገው ወረቀት።

የጅግጅጋ ልጅ

እትዬ፣ እግዜር ይስጥልን። እኔ ከዚያኛው ወገን ልናገር።

በ2010 ሐምሌ መጨረሻ ጅግጅጋ ሲረበሽ 13 ዓመቴ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ አደርን፣ ከዚያ ወደ ድሬ መጣን። አሁን እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ነኝ። ያኔ እንግዶች መጡ፣ ካሜራ ይዘው። ለቀረጻ ስድስት ልጆች ተመረጥን። ሰውየው ክፉ አልነበረም፣ ውሃ ሰጥቶኛል። «እሳቱን ስታይ ምን ተሰማህ?» አለኝ። ምን እንደሚፈልግ ገባኝና የሚፈልገውን ነገርኩት። ያላየሁትንም ጨመርኩ፣ ምክንያቱም ትንሹ ወንድሜ ጫማ አልነበረውም።

ጫማውን አግኝተናል። ይህን አልክድም። ቪዲዮው ግን ስምንተኛ ክፍል ስደርስ ከአንድ ልጅ ስልክ ላይ ተገኘ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ቀረ። «ተፈናቃዩ» ሆንኩ። ኳስ ሳገባ «ተፈናቃዩ አገባ»። ፈተና ከፍ ያለ ነጥብ ሳመጣ «ተፈናቃዩ ነው እኮ»። በጥላቻ አይደለም የሚሉት፣ አቦ ድሬ እኮ ሰው አይጠላም። ግን የ13 ዓመት ልጅ ለዘላለም እዚያ ቪዲዮ ውስጥ ቁጭ ብሎ እያለቀሰ ነው፤ እኔ የማደርገው ሁሉ በእሱ በኩል ነው የሚታየው።

ምን ረዳኝ ለሚለው፣ ሰፈራችን ብስክሌት የሚያከራዩ ሽማግሌ ነበሩ። ምንም አልጠየቁኝም። «ና ይህን ጎማ ያዝልኝ» አሉኝ። ቀዳዳውን ውሃ ውስጥ ነክሮ አረፋውን እያዩ መፈለግ፣ በአሸዋ ወረቀት ማሻሸት፣ ማስቲሹ ደረቅ እስኪል መጠበቅ፣ ከዚያ መለጠፍ። ክረምቱን በሙሉ ይህን ስሠራ ከረምኩ። አንድ ቀን ጎማ እየያዝኩ ስለ ጅግጅጋ ቤታችን መናገር ጀመርኩ። ሲያዳምጡኝ ቆዩና «ቁልፍ አስራ ሦስትን አቀብለኝ» አሉ። ያ ነው የረዳኝ። መምህርት፣ ልጁ እጁ ላይ ሥራ ይኑር።

የታይዋን ሰፈር

የጅግጅጋ ልጅ፣ ያልከው ነክቶኛል። መድረኩን በተመለከተ ሐሳቤን ቀይሬያለሁ። ግን አንድ ነገር አልተመለሰልኝም። እንግዶቹ ልጁን ካላወቁት አክስቱን በምን ያግዟታል? ወረቀት ተነቦ፣ ተጨብጭቦ፣ ሻይ ተጠጥቶ መበተን እንዳይሆን።

እናት ከከዚራ

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እንዲህም ሆኖ የቀረባቸው ጊዜያት ስላሉ በደንብ ልመልስ።

እርዳታና ታሪክ ይለያዩ። መምህርቷና ርዕሰ መምህሩ ከበዓሉ በፊት ለእንግዶቹ ደብዳቤ ይጻፉ፦ በትምህርት ቤታችን ከግጭት አካባቢ የመጡ ይህን ያህል ልጆች አሉ፣ የሚያስፈልጋቸው ዩኒፎርም፣ ደብተርና የማካካሻ ትምህርት ነው። ስም የለ፣ ፎቶ የለ። ቁም ነገር ያለው ድርጅት በዚህ ይሠራል፤ አሠራሩም ያስገድደዋል። ፊቱን ካላየሁ አልሰጥም የሚል ካለ ያ እርዳታ ይቅር።

አክስቱን ደግሞ እንግዳ እስኪመጣ አናስጠብቃት። ወደ ቀበሌዋ ሄዳ የከተማ ሴፍቲኔት (ለችግረኛ ቤተሰቦች የሚደረግ ድጋፍ) ምልመላ ካለ መቼ እንደሆነ ትጠይቅ፣ የቤተሰቡ ቁጥር ላይ ልጁን ታስመዝግብ። የጤና መድን ላይም እንደዚሁ። የሴቶችና ሕፃናት ቢሮ ማኅበራዊ ሠራተኞች አሉት፤ ቤቷ ድረስ ሄደው ማየት ሥራቸው ነው። አንድ ጊዜ ሄዳ «ነገ ነይ» ከተባለች ትቀራለች፤ ከሥራ ቀርታ ነው የምትሄደው። ስለዚህ ሰው አብሯት ይሂድ። እኔ ዓመታት ሙሉ ስሠራ የኖርኩት አብዛኛው ሥራ ይኸው ነው፣ ቢሮ በር ላይ ከሰው ጎን መቆም።

ጠበቃ ነኝ፣ ሐረር

ስለ ልጁ ሕጋዊ ወረቀቶች ማንም ስላላነሳ ነው የገባሁት። ልጁ የልደት ምስክር ወረቀት አለው? ከሌለው ዛሬ ባይታወቃችሁም ብሔራዊ ፈተና ሲደርስ፣ መታወቂያ ሲያወጣ ይታወቃችኋል። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ልደት በ90 ቀን ውስጥ ይመዘገባል፤ ጊዜው ያለፈበትም ግን ይመዘገባል። ቀበሌው ያለውን የክብር መዝገብ ሹም አነጋግሩ። የክትባት ካርድም ሆነ የክርስትና ወረቀት፣ የድሮ ትምህርት ቤት ሰርተፍኬትም ሆነ ሌላ የተገኘውን ይዛችሁ ሂዱ። ዕድሜውን በግምት አታስጽፉ። ጦርነት ባለበት አገር ዕድሜ ቀላል ነገር አይደለም፦ ከ18 በታች መሆኑን የሚያሳይ ወረቀት ልጅን ከምልመላ ያስጥላል።

ሁለተኛው፣ አክስቱ በሕግ ምኑ ናት? ዛሬ ማንም አይጠይቃትም። ነገ ቀዶ ሕክምና ላይ የምትፈርመው፣ ወይም የእናቱ ድርሻ መሬት ሲነሳ የምትከራከረው በምን ሥልጣን ነው? በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ መሠረት አሳዳሪነትና ሞግዚትነት እንዲሰጣት ለፍርድ ቤት ማመልከት ትችላለች። ስለ አባቱ ደግሞ፣ አንድ ሰው ሁለት ዓመት ሙሉ ወሬው ካልተሰማ የመጥፋት ውሳኔ መጠየቅ እንደሚቻል የፍትሐ ብሔር ሕጉ ይፈቅዳል። እኔ ግን ወደዚያ አትቸኩሉ ባይ ነኝ። ልጁ አባቱን እየጠበቀ ከሆነ «ጠፍቷል» የሚል ማኅተም ያለበት ወረቀት ማየት የለበትም። መጀመሪያ ይፈለግ። ቀይ መስቀል የተጠፋፉ ቤተሰቦችን ያፈላልጋል፣ በነፃ ነው፣ ምስጢሩም ይጠበቃል።

መምህርት ከሳቢያን

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ደብተር ተሸክሞልኝ ወደ መምህራን ክፍል ስንሄድ እንደተባልኩት ሦስት ነገር አስመረጥኩት። ቶሎ አልመለሰም። በር ላይ ስንደርስ «ከበሮ መምታት ይቻላል?» አለኝ። ከሦስቱም ውስጥ ያልነበረ ነገር ነው። ይቻላል አልኩት። ለአዘጋጆቹም አንቀጹን ይዤ ሄጄ ነግሬያቸዋለሁ። አንዱ ቅር ብሎታል፣ ርዕሰ መምህሩ ግን ተቀብለውኛል።

ከአክስቱ ጋር ቅዳሜ ቀበሌ እንሄዳለን፣ ክፍት ነው ብለውናል። የቀረኝ የቀይ መስቀሉ ነገር ነው። አባቱ መፈለግ ሲጀመር ለልጁ እንንገረው ወይስ አንድ ነገር እስኪገኝ እንደብቀው? አክስቱ «ተስፋ አናስይዘው» ትላለች።

እናት ከከዚራ

ንገሩት። እሱን የሚመለከት ፍለጋ ነው፤ ከሌላ ሰው አፍ ቢሰማው እናንተን ማመኑን ያቆማል። ከእናንተ ይልቅ የሚያስታውሰው ነገርም ሊኖር ይችላል፤ የአባቱን ጓደኛ ስም፣ ሥራ ይሄድበት የነበረውን ከተማ። ከመሄዳችሁ በፊት «አባትህን የሚፈልጉ ሰዎች አሉ፣ እንድንጠይቃቸው ትፈልጋለህ?» በሉት። ከፈለገ አብሮ ይሂድ፣ ካልፈለገ ነገሩ ይቆይ።

«ይገኛል» አትበሉት። «የሞተ ይመስለኛል»ም አትበሉት። «ጊዜ ይወስዳል፣ የሰማነውን ሁሉ እንነግርሃለን» በሉት፣ ከዚያም ምንም ባትሰሙ እንኳ በየጊዜው «እስካሁን አልደረሰንም» እያላችሁ ንገሩት። ስትሄዱ የአባቱን ሙሉ ስም እስከ አያት፣ ለመጨረሻ ጊዜ የታየበትን ቦታና ወር፣ የሚጠራበት ሌላ ስም ካለም ጽፋችሁ ያዙ። አክስቱ ስልክ ቁጥር ከቀየረች ተመልሳ ታስመዝግብ፤ ብዙ ፍለጋ እዚያ ላይ ነው የሚቋረጠው።